ትንሽ እባብ በሣጥን ውስጥ፦ መኖሪያውና አመጋገቡ

እባብ ወተት ይጠጣል ሲባል ሰምቶ ያላደገ ከመካከላችን ማን አለ? እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ከአጥር ሥር ድንጋይ ስናነሣ ቡናማ እባብ ባገኘን ማግሥት፣ አንዱ ጓደኛችን ወተት በስኒ ይዞ ከተፍ አለ። ወተቱ ሁለት ቀን ተቀምጦ ረጋ፤ እባቡ አልነካውም። እባብ ሥጋ በል ነው፤ የሚጠጣውም ውሃ ነው።

የያዝነው በሳይንስ ስሙ ቦኤዶን የሚባለው፣ መርዝ የሌለው የቤት እባብ ነበር። ቆዳው ልሙጥና አብረቅራቂ ነው፤ ከአፍንጫው ተነሥቶ በዐይኑ በኩል የሚያልፍ ፈዛዛ መስመር በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ አለው። ይህን የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን አትራክታስፒስ የሚባል፣ ከመሬት ሥር የሚኖር፣ ጠቆር ያለ፣ ዐይኑ እጅግ ትንሽ የሆነ መርዘኛ እባብም አለ። ሲያዩት ምንም የማያደርግ ይመስላል። ከአንገቱ ቢይዙት እንኳ አፉን ሳይከፍት ጥርሱን በጎን አውጥቶ ይወጋል። እኛ ታዲያ የኛን እባብ ያነሣነው በባዶ እጅ፣ ከአንገቱ ይዘን ነበር! ምን እንደሆነ የለየነው ሣጥን ከገባ በኋላ ነው። መምህራችን ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «ነገ ተማሪዎቻችሁ ፊትም እንዲህ ልታደርጉ ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

መኖሪያው ብዙ ወጪ የለውም። ካርቶን ግን አይሆንም፤ እባብ ጭንቅላቱ በገባበት ሁሉ ይወጣልና። ፊቱ መስተዋት፣ ክዳኑ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት የሆነ የእንጨት ሣጥን በቁልፍ ይዘጋ። ከታች ጋዜጣ ይነጠፋል። የማይገለበጥ የውሃ ሳህንና የሚደበቅበት የተሰበረ ገል ያስፈልገዋል፤ መደበቂያ ያጣ እባብ ይፈራል፣ የፈራ እባብ ደግሞ አይበላም። በደጋ አገር ብርዱም ችግር ነው፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ የዋጠውን መፍጨት አይችልም። የሣጥኑ አንድ ጫፍ በአምፖል እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅና ሌላው ቀዝቀዝ ሲል የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል። ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን መግደል ነው።

የተቸገርነው በአመጋገቡ ነው። ከእባቡ ወፍራም አካል የማትበልጥ አንዲት አይጥ በ7 ወይም በ10 ቀን አንዴ ትበቃዋለች። በመጀመሪያ ሕይወት ያላት አይጥ አስገብተን ተኛን። ጠዋት ስናይ እሷው የእባቡን ጀርባ ነክሳዋለች! ከዚያ ወዲህ በወጥመድ የሞተች አይጥ (በመርዝ የሞተች ፈጽሞ አይሆንም) በረጅም ወረንጦ ይዘን ሲመሽ እናቀርብለት ጀመር። አሁንም እምቢ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ዐይኑ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ታመመ ብለን ደነገጥን፤ ለካ ቆዳውን ሊጥል ኖሯል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ መብላት አይፈልግም። ጣለው፤ ግን ከዚያም በኋላ አልበላም።

በአምስተኛው ሳምንት የጀርባው አጥንት ጎልቶ ይታይ ጀመር። ለትምህርት ማሳያው አንድ ሳምንት ብቻ ስለ ቀረን ግማሾቻችን «ትንሽ ይቆይ» አልን። ከዱር የተያዘ እባብ አንዳንዴ ጭራሽ ሳይበላ እንደሚሞት መምህራችን ነገሩን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ማምሻውን ወስደን እዚያው ድንጋይ ሥር ለቀቅነው። ለማሳያው ያቀረብነው የጣለውን ቆዳ ነው።