የካርቱም ትናንሽ ምግብ ቤቶች ሲዘጉ የከብት ነጋዴው ምን አጣ?

ሱዳንና ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያሳወቁት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሱዳን በሦስተኛው ቀን ድንበሯን ዘጋች፤ ኢትዮጵያም በዚያው ወር አጋማሽ ተከተለች። ያን ጊዜ በመተማና በገላባት መስመር የሚሠራ ነጋዴ ዓይኑ ኬላው ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ከኬላው ባልተናነሰ ገበያውን የጎዳው ካርቱም ውስጥ የሆነው ነገር ነው፤ ሥጋውን በየቀኑ የሚገዙት ትናንሽ ምግብ ቤቶች መዘጋት።

የካርቱም ግዛት ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ሚያዝያ 10 ቀን ሲሆን፣ ዕለቱ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። በዴም ሰፈርና በሌሎች የከተማዋ ክፍሎች የሚሠሩ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ሁለት ወር ገደማ የጾም ምግብ ሸጠው ወደ ሥጋ የሚመለሱበት ቀን ማለት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። በረመዳን የምግብ ቤት ገበያ የሚደራው ከመግሪብ በኋላ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ሰው ለአስቤዛ መውጣት የሚችለው ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻ ነበር። ስለዚህ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም የሥጋ ወቅት በአንድ ወር ውስጥ አመለጠ። እገዳው የላላው ሐምሌ 1 ቀን ነው።

በዚያ ላይ ድልድዮቹ ተዘጉ። ትልቁ የከብት ገበያ ሙዌሊህ የሚገኘው ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ስለሆነ፣ ካርቱም ከተማና ባሕሪ የሚበላው ሥጋ አባይን መሻገር አለበት። መኪናና ፈቃድ ያለው አቅራቢ መንገድ አያጣም። በባጃጅ አሥር ኪሎ ሥጋና አንድ ጨጓራ የሚያስጭን ምግብ ቤት ግን ከወንዙ ማዶ ቀረ።

ትልቁና ትንሹ እኩል አልተጎዱም

በሌላው ዓለም የወረርሽኙ ወሬ ትልልቆቹ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች ትናንሾቹን እንዴት እንደበለጧቸው ነው። ዶሚኖስ ፒዛ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በነባር ቅርንጫፎቹ ያገኘው ሽያጭ 11.5 በመቶ አድጓል፤ ቀድሞም ቤት ድረስ ማድረስ ሥራው ነበርና። የአሜሪካ መንግሥት ለአነስተኛ ድርጅቶች ካቀረበው ብድር የሩትስ ክሪስ ስቴክ ቤቶች ባለቤት የሆነው ኩባንያ 20 ሚሊዮን ዶላር አግኝቶ፣ ሕዝብ ሲቆጣ መልሷል። ለትንሹ የታሰበውን ገንዘብ መጀመሪያ የደረሰበት የባንክና የሕግ ሰው ያለው ነው።

ካርቱም ውስጥ ማክዶናልድ አልነበረም፤ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. የቆየው የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ለእንዲህ ያለው ኩባንያ በር አልከፈተም። በከተማዋ «ትልቅ» የሚባለው ብዙ ቅርንጫፍ፣ የራሱ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር፣ ምግብ የሚያደርስ ሞተር ያለው ምግብ ቤት ነው። ልዩነቱ ግን ያው ነው። ትልቁ ሥጋ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ትንሹ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሥጋ ማሳደር ስለማይችል የዕለቱን ለዕለቱ ይገዛል። ትልቁ ሁለት ወር ሳይሸጥ ኪራይ ይከፍላል፤ ትንሹ ኪራዩን የሚከፍለው ከዛሬው ሽያጭ ነው። ወረቀት የሌላት ስደተኛ ባለቤት ደግሞ ባንክ ሄዳ ብድር መጠየቅ አትችልም። የሱዳን መንግሥት «ሰመራት» ብሎ የጀመረው የቤተሰብ ድጋፍም በነፍስ ወከፍ በወር 5 ዶላር ነበር፤ ያውም በሰፊው የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ለነጋዴው ለምን ይገደዋል?

አንደኛ፣ ትንሹ ምግብ ቤት ከብቱን ሙሉውን ይገዛል። ትልቁ ቤት የሚፈልገው ሽንጥና ታፋ ነው። ጨጓራው «ኡም ፊትፊት»፣ እግሩ «ከዋሪዕ» የሚሆነው በሰፈር ምግብ ቤት ነው። ከእነዚህ ክፍሎች የሚገኘው ገንዘብ ሲቀር ሥጋ ሻጩ ለቁም ከብቱ የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል፤ ቅናሹም በስተመጨረሻ የሚያርፈው ከብቱን በነዳው ሰው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የውጭ ገበያው ሲዘጋ የሚቀረው የአገር ውስጡ ነው። በዚያ ዓመት ሐጅ ለ1,000 ሰው ያህል ብቻ ተፈቀደ። የሱዳን በግም በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሥጋት ሳዑዲ መግባት ተቸግሮ ነበር። ወደ ጅዳ ያልተጫነውን በግ ሊበላ የሚችለው የካርቱም ሕዝብ ነበር፤ የሚያበላው ቤት ግን ተዘግቷል።

ሦስተኛው ዱቤ ነው። ምግብ ቤቷ ለሥጋ ሻጩ፣ ሥጋ ሻጩ ለነጋዴው፣ ነጋዴው ለአርቢው ዕዳ አለበት። ከታች አንዱ ሲዘጋ ዕዳው ወደ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሱዳን የዋጋ ንረት 269 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚህ ስሌት ከዓመት በፊት 10,000 ፓውንድ በዱቤ የሰጠ ሰው ገንዘቡ ሳይጎድል ቢመለስለት እንኳ የመግዛት አቅሙ 2,700 ያህል ነው። ምግብ ቤቷ አልካደችውም፤ ያከሰረው ጊዜው ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ፓውንዱ ከ55 ወደ 375 ለአንድ ዶላር ሲወርድ ደግሞ የቀረውም ተበላ።

ከዚህ ምን እንያዝ?

ትንሹን ደንበኛ መተው መፍትሔ አይደለም። ሰላም ሲሆን ገበያውን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ነው። የዱቤውን አሠራር መቀየር ግን ይቻላል፤ ዘመኑን ማሳጠር፣ ዕዳውን በፓውንድ ሳይሆን በኪሎ ሥጋ ወይም በበግ ቁጥር መጻፍ፣ ሁሉንም ዱቤ ለአንድ ሰፈር ወይም ለአንድ ሥጋ ሻጭ አለመስጠት።

ሌላው መንገድ መደራጀት ነው፤ ምሳሌውም እዚያው ካርቱም አለ። አወዲያ ማህሙድ ኮኮ የሻይና የምግብ ሻጭ ሴቶችን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁማ፣ ዕቃቸው ሲወረስ በሕግ ተከራክራላቸዋለች፤ በ2008 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ለጀግና ሴቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። አሥር ምግብ ቤቶች በአንድ ማኅበር ከገዙ አንድ ሰንጋ ሙሉውን መጨረስ፣ አንድ ማቀዝቀዣና አንድ ጄኔሬተር በጋራ መያዝ ይችላሉ። ለነጋዴውም አሥር ባለዕዳ ከመከታተል አንድ ዋስ ያለው ማኅበር ይሻለዋል።

ካርቱም ከወረርሽኙ ሳታገግም ጦርነቱ መጣ። የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያም የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ከምግብ ቤቶቹ ባለቤቶች ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ጦሩ ከተማዋን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪዎች መመለስ ጀምረዋል። ሰው ሲመለስ አስቀድመው የሚከፈቱት የሻይ ምድጃና የሰፈር ምግብ ቤት ናቸው። የካርቱምን የከብት ዋጋ ለመገመት የምትሹ ነጋዴዎች ሙዌሊህን ብቻ አትጠይቁ፤ በዴም ስንት ምድጃ እንደ በራም ጠይቁ።