የተጋረደውን መከተል

በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ በፊልም ተቀርጾ ሳለ፣ ባለሙያው የቀድሞውን ጽሕፈት አጥፍቶ በስፍራው አዲስ ለመተካት ያሰበ እንደሆነ፣ ካሜራው በእጅ የተያዘ በመሆኑ ግድግዳው በየፍሬሙ ቦታውን ይለውጣልና፣ አዲሱን ጽሕፈት ከግድግዳው ጋራ አብሮ እንዲወዛወዝ የሚያደርገው ትራከር የተባለው መሣሪያ ነው። አሠራሩ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው፤ ባለሙያው ጐልቶ የሚታይ አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ የሰሌዳውን ማዕዘን፣ በትንሽ ሣጥን ይከብባል፤ በዙሪያውም ሰፋ ያለ ሁለተኛ ሣጥን ያበጃል፤ መሣሪያውም በሰፊው ሣጥን ውስጥ ያንኑ ማዕዘን የሚመስለውን እየፈለገ፣ በሰከንድ 24 ወይም 25 የሆኑትን ፍሬሞች አንድ በአንድ ይከተላል።

ችግሩ የሚመጣው በካሜራውና በግድግዳው መካከል አላፊ አግዳሚ ሲገባ ነው። ትራከር መምሰልን እንጂ መሆንን አያውቅም፤ ስለዚህ ማዕዘኑ በመንገደኛው ትከሻ ሲጋረድ፣ እንዲቆም አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር፣ የኮቱን ኰሌታ ማዕዘኑ ነው ብሎ ይይዝና ከሰውዬው ጋራ መንገድ ይጀምራል፤ አዲሱም ጽሕፈት ከግድግዳው ተነቅሎ በትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ይታያል። እኔስ ይህን በመጀመሪያ ባየሁ ጊዜ ከመቈጣት ይልቅ ሣቅሁ።

ግርዶሹ አጭር በሆነ ጊዜ፣ በሐሰት የተመዘገቡትን የቦታ ልኮች፣ ማለት ኪፍሬሞቹን፣ ደምስሶ፣ ከትዕይንቱ መጨረሻ ደግሞ ወደ ኋላ ተከታትሎ፣ በመካከል የቀረውን ባዶ መሣሪያው በስሌት እንዲሞላው መተው ይቻላል። ነገር ግን የእጅ መንቀጥቀጥ በስሌት አይገኝምና፣ ግርዶሹ ከጥቂት ፍሬም ካለፈ ይህ መድኃኒት አይበቃም። ያን ጊዜ ሣጥኑን ገና ወዳልተጋረደ ሌላ ምልክት፣ ወደ ሚስማር ራስ ወይም ወደ ቀለም ስንጥቅ አሻግሮ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንዲጠበቅ ማድረግ ይገባል፤ ኦፍሴት የሚሉት ይህን ነው። ምልክቱ ግን የግድ ከዚያው ግድግዳ መሆን አለበት፤ ከበስተኋላ ካለ ዛፍ የተወሰደ እንደሆነ፣ ካሜራው ሲንቀሳቀስ የቅርቡና የሩቁ አካሄድ ስለሚለያይ ጽሕፈቱ ይንሸራተታል።

በእንግሊዝ አገር የተሠራውና ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የሳይንስና የቴክኒክ ሽልማት የተቀበሉበት ሞካ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ፣ በአንድ ነጥብ ፈንታ የገጹን ሁሉ መልክ ይከተላል፤ ባለሙያው ግድግዳውን በመስመር ከከበበ በኋላ መንገደኛውን በሌላ መስመር ከብቦ ከበላዩ ያኖረዋል፤ መሣሪያውም በዚያ መስመር ውስጥ ያለውን ከቍጥር ሳያገባ በተረፈው የግድግዳ ክፍል ይመራል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ዕውር ተከታይ የሚያየውን ከማሳየት ይልቅ የማያየውን መንገር ይበልጥ ይጠቅመዋልና።

ክትትሉ ቢሳካም ሥራው ገና አልተፈጸመም፤ አዲሱ ጽሕፈት ከመንገደኛው በስተኋላ ይውል ዘንድ የሰውዬውን ጠርዝ በማስክ፣ ማለት ቅርጹን ተከትሎ በሚሰመር መከለያ፣ መቍረጥ ያስፈልጋል፤ ማክስ ፍላይሸር እ.ኤ.አ. በ1917 የፈጠራ መብት ካገኘበት መሣሪያ ስሙን የወረሰው ሮቶስኮፕ ይህ ነው። ለክትትል የተሰመረው መስመር በግምት ቢሆን አይጐዳም፤ ይህ ግን የጠጕርን ጫፍና የሚወዛወዘውን እጅ ድብዝዝታ ሳይቀር ይሻል። መንገደኛው ግድግዳውን በ2 ሰከንድ ቢያልፍ 48 ወይም 50 ፍሬም ነው፤ ለጠርዙ ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ቢፈጅ የሚያስደንቅ አይደለም።