ሁከት ሲነሣ ከፖሊስ ምን ይጠበቃል? ከእኛስ?

 

በቅርቡ አንዲት እናት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂዱ በር ጠብቀው አነጋገሩን። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ ፖሊስ ነው፤ ታናሹ ባጃጅ ይነዳል። «ከተማው በተረበሸ ቁጥር አንዱ ከአንዱ ፊት ለፊት ይቆማል። ለየትኛው ዱዓ ላድርግ?» አሉን። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ይህ ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ዝግጅታችን በእርሳቸው ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

እኛ የፖሊስ ሙያ የለንም። ሆኖም ሁከቱ ካለፈ በኋላ ጀናዛ የምናጥበውና ለቅሶ ቤት የምንቀመጠው እኛ ነን። ስለዚህ ከደረሰው ነገር ትምህርት እንዲወሰድ መናገር አደራችን ነው።

አንደኛ፦ ከዱላ በፊት ጆሮ

በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ ቢቸግራቸው ባዶ ጄሪካን ይዘው አደባባይ ወጡ። የዚያ ቀን መጨረሻ ግን ለቅሶ ሆነ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 3 ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውንና ብዙዎች መቁሰላቸውን አስታወቀ።

ጄሪካን የያዘ ሰው የሚፈልገው ግልጽ ነው፤ ውኃው መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ፖሊስ ውኃ ሊያመጣ አይችልም። የውኃውን ኃላፊ ግን ሕዝቡ ፊት አቁሞ መልስ እንዲሰጥ ሊያደርግ ይችላል። ከሰልፈኛው መካከል ሦስት አራት ሰው መርጦ ወደ ቢሮ ማስገባት፣ ለቀረውም በድምፅ ማጉያ «ጥያቄያችሁ ተሰምቷል፣ በዚህ ሰዓት መልስ ይሰጣችኋል» ማለት ይቻላል። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅና የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ነው።

ይህ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2011 በለንደን ቶተንሃም በሚባለው ሰፈር ፖሊስ አንድ ሰው ተኩሶ ገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ የሟቹ ቤተሰብና ጎረቤቶች ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደው ከፍተኛ መኮንን እንዲያነጋግራቸው ጠየቁ። ለሰዓታት ጠበቁ፤ አጥጋቢ መልስ አላገኙም። በዚያው ሌሊት እሳት ተነሣ፤ ሁከቱም ለቀናት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በሰዓቱ የተነገረ የአንድ ኃላፊ ቃል ያንን ሁሉ ያስቀረው ነበር ብለን መማል አንችልም። ዝምታው ግን ነገሩን አባብሶታል።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብን መብት አድርጎታል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሰልፍ አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። ሕዝብ ሥርዓቱን ጠብቆ ቢያሳውቅ መልካም ነው። ነገር ግን ማሳወቂያ አለመጻፉ ብቻውን ሰው ላይ ለመተኮስ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፦ መውጫ የሌለው ሕዝብ ላይ ጭስ አይጣል

አስለቃሽ ጭስ ከጥይት ይሻላል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እንደ ቦታው ነው። ጭሱ ዓይን ያስጨፍናል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሰውም ሳያይ ይሮጣል። የሚሮጥበት ሜዳ ካለ ይበተናል። ከሌለ ግን ይረጋገጣል።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ አስለቃሽ ጭስ በተተኮሰ ጊዜ ሕዝቡ ሲሸሽ ብዙዎች ገደል ገብተው፣ ተረጋግጠውም ሞቱ። መንግሥት ራሱ ያመነው 55 ሰው ነበር። በሙስሊሟ አገር በኢንዶኔዥያም እ.ኤ.አ. በ2022 በማላንግ ከተማ ስታዲየም ፖሊስ ተመልካቹ ወደተቀመጠበት ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ ወደ ጠባብ በሮች ሲጎርፍ 135 ሰው አለቀ።

እስቲ የየከተሞቻችንን ገበያ፣ መናኸሪያ፣ በጁሙዓ ቀን የመስጂዶቻችንን በር አስቡ። ስለዚህ አዛዡ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ይህ ሕዝብ በየት በኩል ይወጣል? ሕፃናትና አረጋውያን አሉበት ወይ?» ብሎ ነው።

ሦስተኛ፦ ጥይት የመጨረሻ ነው

እ.ኤ.አ. በ1990 የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው መርህ ፖሊስ መሣሪያ የሚተኩሰው ሕይወትን ከሚያሰጋ ቅርብ አደጋ ለመከላከል ብቻ እንደሆነ ያስቀምጣል። መስኮት መሰበሩ ወይም መንገድ መዘጋቱ በሕግ ያስጠይቃል፤ ሞት ግን አያስፈርድም።

ከምርጫ 97 በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የደረሰውን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። ሁለቱንም ቁጥር አብረን እናንብብ። የስድስቱም ፖሊሶች እናቶች አልቅሰዋል።

አራተኛ፦ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ

ሕዝብ ባለሥልጣንን ሲቃወምና ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጭ የፖሊስ ሥራ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ላይ መቸኮል ጉዳት ያመጣል፤ በሁለተኛው ላይ መዘግየት።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ወገኖች መካከል ግጭት ሲነሣ በአንድ ሶፍ ሲሰግዱ የኖሩ ሰዎች ተፈራሩ። ከ2011 መግቢያ ጀምሮም በቡታጅራ አቅራቢያ በእንሴኖ ዙሪያ በመስቃንና በማረቆ መካከል በተደጋጋሚ ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፖሊስ ፈጥኖ መካከል መግባት አለበት። የአካባቢው ኃይል ትንሽ ከሆነ ቤት ከመቃጠሉ በፊት እርዳታ ይጥራ። ከሁሉም በላይ የማንም ወገን አለመሆኑ በዓይን የሚታይ ይሁን። ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ፖሊሶች ጎን ለጎን ቆመው ሲታዩ ሕዝብ ይረጋጋል።

አገራችን ጉራጌ እንደ የጆካ ያለ የሽማግሌ ሸንጎ ያላት፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ተቀምጦ የሚዳኝባት ናት። ግን ሽማግሌና ኢማም የሚጠሩት ሰው ከሞተ በኋላ ለማብረድ ብቻ ከሆነ ጥቅማቸው ይቀንሳል። የፖሊስ አዛዥ በሰላም ቀን ሊያውቃቸው፣ ስልካቸውን ሊይዝ ይገባል። እርቅም ቢሆን የፍርድ ቤትን ቦታ አይተካም። ነፍስ ያጠፋ ለፍርድ መቅረብ አለበት።

አምስተኛ፦ ከሁከቱ በኋላ እውነቱን መናገር

በቶተንሃሙ ጉዳይ የፖሊስን ድርጊት የሚያጣራው ተቋም በመጀመሪያ ሟቹ ከፖሊስ ጋር ተኩስ የተለዋወጠ የሚያስመስል ነገር ለጋዜጠኞች ተናግሮ፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶ አሳስቶ ሊሆን እንደሚችል አምኗል። የተጎዳው ግን እምነት ነው። ሟቾች ስንት እንደሆኑ፣ ማን እንደተኮሰ፣ በምን ትእዛዝ እንደሆነ በገለልተኛ አካል ተጣርቶ ካልተነገረ ቦታውን ወሬ ይይዘዋል። ቤተሰብም የልጁን ሞት ከፌስቡክ ሳይሆን ከኃላፊ አንደበት፣ በአክብሮት መስማት ይገባዋል።

ከእኛስ?

ውድ ወገኖች! በሱረቱል ሁጁራት ወሬን እንድናጣራና የተጣሉትን እንድናስታርቅ ታዘናል። በስልካችን የመጣውን ፎቶ ቀኑንና ቦታውን ሳናውቅ ካስተላለፍን የእሳቱ ማገዶ አቀባዮች ሆነናል። ድንጋይ የሚወረውር ልጅም ከጎኑ ባዶ ጄሪካን ይዛ የቆመችውን እናት ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ይወቅ።

ለጠየቁን እናት የሰጠነው መልስ ይህ ነበር፦ ለሁለቱም ዱዓ ያድርጉ፤ ሁለቱንም በአንድ ማዕድ አስቀምጠው ይምከሯቸው። ታላቁን ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ እንደሌለ ያስታውሱት። የወንጀል ሕጋችንም የትእዛዙን ሕገ ወጥነት እያወቀ የፈጸመን ሰው ከተጠያቂነት ነጻ አያደርገውም። ታናሹን ደግሞ መብቱን በአፉ እንጂ በእጁ እንዳይጠይቅ፣ ከፊቱ ጋሻ ይዞ የቆመውም የእናት ልጅ መሆኑን ይንገሩት። እርሳቸውም «ጋሻ የያዘው የእኔው ልጅ ሊሆን ይችላላ!» ብለው እያለቀሱ ሄዱ።

አላህ ከተሞቻችንን ሰላም ያድርግልን፤ ልጆቻችንን እርስ በርሳቸው ከመጎዳዳት ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።