በቼርኖቢል የዘገየው እውነት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ፣ በሶቪየት ዩክሬን የቼርኖቢል 4ኛው የኑክሌር ማብላያ ፈነዳ። ጎረቤቱ በሆነችው በፕሪፒያት ከተማ ግን በዚያው ቅዳሜ ልጆች ትምህርት ቤት ውለዋል። ወደ 49 ሺህ የሚጠጋው ነዋሪ በአውቶቡስ የወጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ «ለሦስት ቀን ነው» ተብሎ ነው። ከተማዋ ዛሬም ባዶ ናት።

ሞስኮ አደጋውን ያመነችው ኤፕሪል 28 ማታ፣ ስዊድኖች ጨረሩን በመሣሪያ ከደረሱበት በኋላ ነው። ያውም በጥቂት ዓረፍተ ነገር! በኪየቭ የሜይ ዴይ ሰልፍም አልቀረም።

በመንግሥት ጋዜጣ የሠራን ሰዎች ይህን ዝምታ እናውቀዋለን። «ከበላይ እስኪፈቀድ ይቆይ» ይባላል። ዜናው ይቆያል፤ ጨረር ግን ፈቃድ አይጠይቅም።

አዮዲን-131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ክፉው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው፤ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ሕፃን ይሻገራል። ዝም የተባለውም ያኔ ነው። እስከ 2005 ድረስ በወቅቱ ልጆች ከነበሩት መካከል ከ6 ሺህ በላይ የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ተመዝግቧል፤ የተመድ ሳይንቲስቶችም ጉልህ ድርሻውን ለተበከለ ወተት ሰጥተውታል።

ሲሲየም-137 ደግሞ በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈጃል። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል። በመጀመሪያው ቀን የተዋሸ ሕዝብ ከዚያ ወዲያ የማንን ቁጥር ይመን?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። በቼርኖቢል ግን እውነቱ እስኪጠራ ወተቱ ተጠጥቶ ነበር።