ጮቄ ላይ የዘነበው ዝናብ፦ ስለ ክረምት ወንዝ የምናምነውና እውነቱ

በክረምት ወንዝ ዳር የደረሰ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ነው። ጥርት ካለ ሱሪውን ሰብስቦ ይገባል። «እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ከየት ይሞላል?» የሚለው እምነት፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ስለ ውሃ ከሚነገረው ሁሉ አደገኛው እሱ ይመስለኛል።

የአካባቢው ወንዝ ተምጫ ውሃውን የሚሰበስበው ከጮቄ ተራራ በኩል ነው። የጮቄ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ደምበጫ ያለችው ደግሞ በ2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ የወረደ ዶፍ ያን ሁሉ ቁልቁለት ተንደርድሮ ታች ሲደርስ ሊመሽ፣ ሰማዩም ከዋክብት ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ መታየት ያለበት ወንዙ በሚመጣበት በኩል ያለው ሰማይ ነው። እዚያ ከጠቆረ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ፣ እግራችን ሥር ያለው ውሃ ቢያንስም መታመን የለበትም። ውሃውም ምልክት አለው፦ ጥርት ብሎ የነበረው ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ቅድም የታየው ድንጋይ ይሸፈናል፣ ከላይ በኩል ጉምጉምታ ይሰማል። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው መሃል ቢደርስ እንኳ በሚቀርበው ዳር ቶሎ መውጣት አለበት። ገና ያልገባ ደግሞ ውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት ተክሎ ጥቂት ይጠብቅ፤ እንጨቱ እየተዋጠ ከሄደ ወንዙ እየሞላ ነው።

«ከጉልበት አያልፍም» የሚለውም ብዙ ሰው አሳስቷል። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም አዋቂን ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ደፍራሳ ውሃ ወለሉን ይደብቃል፤ ትናንት ጠጠር የነበረው መሻገሪያ ዛሬ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ዋና መቻልም ከዚህ አያድንም። ሙላት ግንድና ድንጋይ ይዞ ይመጣል፣ ሰውንም ከእነሱ ጋር ያጋጫል።

በየወንዙ ሰው ደጋግሞ የሚሰጥምበት ቦታ አለ፤ «ጋኔን አለበት» ይባላል። ሰዎች ቦታውን መፍራታቸው ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን ውሃው ቋጥኝ ሥር ቆፍሮ የሠራው ጥልቀትና ወደ ታች የሚስበው አዙሪት ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ተመሳሳይ ቋጥኝና መታጠፊያ ያለበት ሌላ ስፍራ ስም ባይወጣለትም ያው አደጋ አለውና።

የጳጉሜ ነገር ከሁሉ ያሳስበኛል። በእነዚያ ቀናት ወንዝ ወርዶ መታጠብ በረከት ነው ብለን ያደግን ብዙዎች ነን። እምነቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ጳጉሜ የምትውለው ወንዞች ገና ከክረምቱ ሙላት ባልጎደሉበት ጊዜ ነው፤ ልጆች የሚወርዱትም ገና ሳይነጋ፣ የውሃው መልክ በማይታይበት ሰዓት ነው። የጳጉሜ ውሃ ተቀድቶ ዳር ላይ ቢፈስስ በረከቱ አይቀንስም። ልጆች ከአዋቂ ጋር፣ ከነጋ በኋላ ይውረዱ።

የጣናን ገዳማት ለመሳለም ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ የአካባቢያችን ሰዎች ደግሞ «ጠዋት የተኛ ሐይቅ ቀኑን ሙሉ ይተኛል» ብለው ያስባሉ። በጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ያድጋል። ወደ ደሴት የሚሄድ ሰው ማለዳ ቢነሣ፣ መመለሻውንም ከጀልባው ሰው ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር ይሻላል።

አንድ ሰው ውሃ ሲወስደው ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ጩኸት ነው። የሚሰጥም ሰው ግን አየር ለማግኘት ስለሚታገል አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል። ያየው ወንድም ወይም ጓደኛ ተከትሎ ይዘላል፤ በዚህም ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ይጠፋል። ዳር ሆኖ ረጅም ዱላ፣ ገመድ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን መስጠት ከመዝለል ይበልጣል።

ከወጣ በኋላም «ዘቅዝቃችሁ ሆዱን ተጫኑት፣ ውሃው ይውጣ» የሚል አይጠፋም። የተጎዳው ያጣው አየር ነው። ሆድን መጫን ሊያስመልሰውና ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ የሚባክነው ደቂቃም አይመለስም። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያም ደረቱን መሃሉ ላይ በፍጥነትና በኃይል መጫን፣ ሁለቱን እያፈራረቁ መቀጠል ነው። ቢነቃም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ መተንፈሱ ከሰዓታት በኋላ ሊከብደው ይችላል።

ድልድይ በሌለበት ቀበሌ የምትኖሩ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ሳይከብድ ለመሻገሪያው በሚቀርበው ቤት ገመድና ባዶ ጀሪካን አስቀምጡ። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ተማሪ ልጆች ወደ ቤት ካልደረስን ብለው እንዳይገቡ፣ ማዶ ካለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋር እንዲያድሩ ከአሁኑ ተስማሙላቸው።