ንድፈ ሐሳብ በተግባር ሲፈተን፦ አምፖሉ ለምን አልበራም?

ባለፈው ክረምት የሠፈራችን ወጣቶች በማኅበሩ አዳራሽ አንድ ጥግ ተሰባስበው ከማግኔትና ከመዳብ ሽቦ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለመሥራት በተነሡ ጊዜ እኛም የሥራው ተካፋይ ነበርን። የተመኙት ብዙ አልነበረም፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት አንዲት ጭላንጭል በገዛ እጃቸው ማብራት ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን እጀታው ተዘወረ፤ አምፖሉ ግን አልበራም። ለማግኔቱና ለሽቦው መግዣ የቀን ሥራ ደመወዙን ያዋጣው ወጣት «ተታለልን» ብሎ መሣሪያውን ወደ ግድግዳው ገፋው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ ቃል ነው።

ቃሉ ያለ ምክንያት አልተነገረም። በየእጅ ስልኩ የሚዘዋወሩ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ማግኔት ከአምፖል አጠገብ ስለተቀመጠ ብቻ፣ ማንም ሳይዘውረው፣ ብርሃን ሲወጣ ያሳያሉ። ወጣቶቻችንም ወደ ሥራው የገቡት ይህን አይተው ነው። እንግዲህ ማታለል መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያታለለው ሳይንስ አይደለም። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ማይክል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በወጣትነቱ ከመጽሐፍ ደጓሽ ዘንድ ተቀጥሮ፣ የሚደጉሳቸውን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን ያስተማረ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1831 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ማግኔት በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ሲከት የመለኪያው መርፌ ተነቃነቀ፤ ማግኔቱ እዚያው ሲያርፍ መርፌው ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ ሲያወጣው ደግሞ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። ቁም ነገሩ ያለው በዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው የማግኔቱ በሽቦው ዘንድ መገኘት ሳይሆን መንቀሳቀሱ፣ ማለትም በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል መለዋወጡ ነው። ያረፈ ማግኔት ለዘላለም ቢቀመጥ ብልጭታ አይሰጥም። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1832፣ ሂፖሊት ፒክሲ ፓሪስ ላይ በእጅ የሚዘወር ማመንጫ ሠራ፤ የሠፈራችን ካርቶንም የዚያ ዘመድ ነው።

መሣሪያችን እንዲህ ያለ ነበር። ከካርቶን የታጠፈ፣ መስኮቱ 3 በ8 ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን፤ በመካከሉ የሚያልፍ ረጅም ሚስማር፤ በሚስማሩ ግራና ቀኝ የተጣበቁ ማግኔቶች፤ በሳጥኑ ዙሪያ 300 ጊዜ የተጠቀለለ፣ ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ፤ ሚስማሩን የሚያሽከረክር የእጅ መሰርሰሪያ። ማግኔቶቹ ሚስማሩን በመካከላቸው አድርገው እርስ በርስ መሳሳብ አለባቸው። እየተገፋፉ በማጣበቂያ ተገድደው ከተያያዙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። የእኛዎቹ በዚህ ረገድ እንከን አልነበረባቸውም።

ታዲያ ጉድለቱ የት ነበር? እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። እኛ ባሕር ማዶ ስንማር የፋራዴይን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግመን ጽፈነዋል፤ በዚያ አዳራሽም ለወጣቶቹ በኩራት አስረድተናል። ሽቦውን አንሥተው በጣታቸው የዳሰሱት ግን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሞተር ጠቅላይ ናቸው። «ልጆቼ፣ ቫርኒሹን ፍቃችሁለታል?» አሉ። አልተፋቀም ነበር። ይህ ሽቦ ራቁቱን መዳብ ቢመስልም በቀጭን መከላከያ የተለበጠ ነው። ልባሱ ከጫፎቹ ላይ በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ካልተነሣ፣ መዳቡ አብረቅርቆ ካልታየ፣ አምፖሉ ከሽቦው ጋር የተገናኘ ይምሰል እንጂ አልተገናኘም። ጫፎቹ ተፍቀው ስታኞ ሲነኩ ምንም ያላነበበው ቴስተር 40 ኦም ያህል አነበበ። መንገዱ ተከፈተ።

ቮልቱን ስንለካ ሌላ ትንሽ ስሕተት ተከተለ፤ ቴስተሩ በቀጥተኛ ጅረት መለኪያ ላይ ተደርጎ ነበር። ማግኔቱ በዞረ ቁጥር ጅረቱ አቅጣጫውን ስለሚለዋውጥ መሣሪያው በዜሮ ዙሪያ ይዋልላል። ወደ ተለዋዋጭ ጅረት ሲዞር 0.4 ቮልት ታየ።

0.4 ቮልት ብርሃን አይደለም። የቀይ ኤልኢዲ መብራት ለመብራት 1.8 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚያ በእጅጉ ሲያንስ ጭል እንኳ አይልም። የመጠን ለውጥ ተጠራቅሞ የዓይነት ለውጥ ያስከትላል የሚለውን አባባል በዚህ ሳጥን ላይ እንደታየው ያህል ግልጽ ሆኖ ያየነው በጥቂት ሥፍራ ነው። ዙሩ በጨመረ ልክ ቮልቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ 1200 ዙር ተጨምሮ በድምሩ 1500 ሆነ። በተመሳሳይ ፍጥነት 2 ቮልት መገኘት ነበረበት። ቴስተሩ ግን 1.2 ብቻ አለ።

ይህኛው ከሁሉ የሚያደናግረው ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ሽቦው አልተቆረጠም፣ ኦሙም ወደ 200 ከፍ ብሎ ልክ ነው። ጋሼ አሁንም ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ሁለተኛውን በየት በኩል ጠቀለላችሁት?» የመጀመሪያው 300 ዙር ወደ ቀኝ፣ ተከታዩ 1200 ወደ ግራ ተጠቅልሎ ኖሯል። አንዱ 1.6 ቮልት ሲሰጥ ሌላው 0.4 ይቀንስበታል፤ ከ1.6 ላይ 0.4 ሲነሣ 1.2 ነው። ቁጥሩ ራሱ ጥፋቱን ይናገር ነበር፤ የሚያዳምጠው ነው የጠፋው። የአንደኛው ጥቅል ሁለት ጫፎች ተለዋውጠው ሲያያዙ 2 ቮልት ሞላ።

አምፖሉ ግን አሁንም አልበራም። በአንገቱ ላይ 2.5 ቮልት፣ 0.3 አምፔር የሚል የተጻፈበት የእጅ ባትሪ አምፖል ነበር። ጥቅላችን 200 ኦም ስለሆነ ሁለት ቮልቱን ሁሉ ብናጠፋው እንኳ የሚያሳልፈው ከ0.01 አምፔር አይበልጥም፤ ይህም አምፖሉ ከሚጠይቀው ሠላሳኛው እጅ ነው። ቮልት ማግኘት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጅረቱም ከሸክሙ ጋር መመጣጠን አለበት። በአምፖሉ ፈንታ ቀይ ኤልኢዲ ሲገባ በራ። ቮልቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል በጫፉ ላይ 2.8 ይደርሳልና ለቀዩ ይበቃዋል፤ 3 ቮልት ገደማ ለሚፈልገው ነጭ መብራት ግን አይበቃውም። ኤልኢዲ ጅረቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም።

ብርሃኑን ያዩት ወጣቶች ወዲያው «እንግዲህ ይህን ከሞተር ጋር አገናኝተን ራሱን በራሱ ቢያሽከረክርስ?» ብለው ጠየቁ። የሥዕሎቹ ማታለል አሁንም አልለቀቃቸውም ነበር። መልሱን ሃይንሪክ ሌንዝ እ.ኤ.አ. በ1834 ሰጥቶታል። በጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ጅረት ሁልጊዜ የፈጠረውን እንቅስቃሴ ይቃወማል። በትንሿ ሳጥናችን ተቃውሞው በእጅ አይሰማም፤ የብስክሌት ዲናሞ ያለው ግን ያውቀዋል፤ ሌሊት መብራቱን ሲያበራ ፔዳሉ ይከብደዋል። ያ ክብደት የብርሃኑ ዋጋ ነው። ጉልበት ካልገባ ብርሃን አይወጣም፤ ከገባውም ከፊሉ በሽቦው ሙቀትና በኩሽኔታው ፍትጊያ ይባክናል። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያለ ጉልበት ለዘላለም ይዞራል የሚባል መሣሪያ ዳግም እንደማይመረምር የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ እዚያ የሚገፋው ዓባይ ነው፣ እዚህ የሰው ክንድ።

በዚህ ሥራ ለሚሰማሩ ሁለት ማሳሰቢያ አለን። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከቤት መብራት መስመር ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ከአሮጌ የኮምፒውተር ዲስክ የሚወጡት ብርቱ ማግኔቶችም ከሕፃናት ይራቁ፤ ሁለቱ ቢዋጡ በአንጀት ውስጥ ተሳስበው ሊገድሉ ይችላሉ።

«ተታለልን» ያለው ወጣት በሳጥኑ ጎን ላይ በእስክርቢቶ «300 + 1200፣ ጫፍ ተገልብጧል» ብሎ ጻፈ። አሁን የሚፈልገው አሮጌ የብስክሌት ጎማ ነው፤ ማግኔቱን በእግር ለማሽከርከር። ጋሼ ደግሞ ወፍራም ሽቦ ፈልገው ሊያመጡለት ቃል ገብተዋል፤ በቀጭኑ ሽቦ የባትሪው አምፖል አይበራምና።