የስንዴዋ ቅንጣትና የ64ቱ ቤቶች ሒሳብ



በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን መጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ ገንዘብ ከፍለህ ትገባለህ፤ ሁለት ሰው ታመጣለህ፤ እነሱም ሁለት ሁለት ያመጣሉ፤ ትርፉ እየተባዛ ይመጣልሃል ይሉኛል። እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ለመክፈያ የባለቤቱን ወርቅ ሊሸጥ ተነስቷል። «መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው» አልኩት። ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ኢብኑ ኸሊካን (1211-1282) የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ በጻፈበት ኪታቡ ይህን ይተርካል። ሲሳ የተባለ ጠቢብ ቼዝን ሠርቶ ለህንድ ንጉሥ ቢያቀርብ፣ ሽልማትህን ምረጥ ተባለ። እሱም በመጀመሪያው ቤት 1 የስንዴ ቅንጣት፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እንዲህ እጥፍ እየሆነ እስከ 64ኛው ቤት እንዲሰጠው ጠየቀ። ንጉሡ ጥያቄውን አሳንሶ አየው። ኢብኑ ኸሊካን ራሱም አንድ የእስክንድርያ ሒሳብ አዋቂ አስልቶ እስኪያሳየው ድረስ ተጠራጥሮ ነበር። በ16ኛው ቤት 32,768 ቅንጣት፣ አንድ መስፈሪያ ብቻ ነው። 50ኛው ቤት ግን ጎተራ የሞላበት አንድ ከተማ ሆነ፤ 64ኛው 16,384 ከተማ!

ድምሩ 18,446,744,073,709,551,615 ነው። 1,000 ቅንጣት 40 ግራም ይመዝናል ብንል፣ ዓለም ዛሬ በዓመት ከሚያመርተው ወደ 800 ሚሊዮን ቶን ስንዴ ጋር ሲነጻጸር የ900 ዓመት ምርት ገደማ ይሆናል።

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (973-1048) ይህን ቁጥር ቤት ለቤት ሳይደምር አግኝቶታል። ሁለት ነገር አስተውሏል። አንደኛ፣ የየትኛውም ቤት ቁጥር ከበፊቱ ቤቶች ድምር በ1 ይበልጣል፦ 1፣ 2 እና 4 ሲደመሩ 7፤ ቀጣዩ ቤት 8 ነው። ሁለተኛ፣ የአንድ ቤት ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከመጀመሪያው ቤት በእጥፍ የራቀውን ቤት ይሰጣል። 5ኛው ቤት 16 ነው፤ 16 በ16 ሲባዛ 256፣ እሱም 9ኛው ቤት። እንደገና 65,536፣ 17ኛው። እንደገና 4,294,967,296፣ 33ኛው። አንድ ጊዜ ሲደገም 65ኛ ቤት ቢኖር የሚያርፍበትን ይሰጣል። ከዚያ 1 ሲቀነስ የ64ቱ ድምር ተገኘ።

ልጆቻችሁም ይሞክሩት። ቁጥሩ በ5 ስለሚያልቅ ለ5፣ አኃዞቹ ተደምረው 87 ስለሚሆኑ ለ3 ይካፈላል። ሙሉ ብዜቱ 3 × 5 × 17 × 257 × 641 × 65,537 × 6,700,417 ነው።

ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። በአንድ ሰው የተጀመረ ሰንሰለት 33ኛው ዙር ሲደርስ 8,589,934,591 ሰው ይፈልጋል፤ በምድር ላይ ያለው ሰው ይህን አይሞላም። ስለዚህ መቆሙ አይቀርም። አል-ቢሩኒ ያስተዋለውን እናስታውስ፦ የመጨረሻው ዙር ሰዎች ከበፊቶቹ ሁሉ በ1 ይበልጣሉ። ሰንሰለቱ የትም ዙር ላይ ቢቆም ከግማሽ በላይ የሆኑት ከፍለው፣ አንድም ሰው ሳያመጡ ይቀራሉ። የፊተኞቹ «ትርፍ» ያለው የኋለኞቹ ኪስ ውስጥ ነው። ይህ የሰው ሐቅ ነው።

ወንድማችን ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኔ ስንተኛው ዙር ላይ ነኝ?» አለኝ። ያን የነገረው ሰው አልነበረም። ወርቁ እስካሁን ከባለቤቱ ዘንድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።